ከአውድማ የመጣ ብረት
በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ የምናካሂደው የዳጉሳ ማሻሻያ ሥራ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በምርታማነትና ብላስት የተባለውን በሽታ በመቋቋም ላይ ነበር፤ የፍሬው የንጥረ ነገር ይዘት መመዘኛ የሆነው ዘግይቶ ነው። ዳጉሳ በካልሲየም ሌሎቹን እህሎች በብዙ ያስከነዳል፤ በ100 ግራም 300 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ይገኝበታል። በብረት በኩል ግን ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ አንድ እጩ ዝርያ ለማነጻጸሪያ ከተዘራው ከ«ታደሰ» ዝርያ እጥፍ የሚሆን ብረት እንዳለው የላቦራቶሪ ውጤት ሲያሳይ፣ በማግስቱ ለማዳቀያ ወላጅነት ታጨ።

የናሙና መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ውጤቱን ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር፣ ማንም ልብ ያላለው የአሉሚኒየም ዓምድ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ የዚያ ናሙና ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ ወጥቷል። ተክል ወደ ፍሬው የሚያስገባው አሉሚኒየም እጅግ ጥቂት ሲሆን በአፈር ውስጥ ግን ሞልቷል፤ ብረትና አሉሚኒየም አብረው ሲያሻቅቡ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። የመስክ ቴክኒሻናችንን «ጋሼ፣ ይሄኛው የት ነው የተወቃው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱማ ከገበሬው ማሳ የመጣው ነው። የምርምር ጣቢያውን ሸራ ላይ በዱላ ወቃነው፤ ያኛው ግን በበሬ ነው የተወቃው። አውድማው በእበት ቢለቀለቅም በሬ ሲዞርበት ይፋቃል እኮ» አሉኝ።

ስሌቱ ያስደነግጣል። ቀይ አፈር ከክብደቱ 5 በመቶው ብረት ነው ቢባል፣ በአንድ ኪሎ ፍሬ ውስጥ የገባ አንድ ግራም አፈር 50 ሚሊግራም ብረት ይጨምራል፤ ይህም ፍሬው ራሱ ከሚይዘው ጋር የሚቀራረብ ነው። በመጋዘን ከቀሩት የዚያው ዝርያ ያልተወቁ ራሶች (ፍሬ የያዙ ጫፎች) ጥቂቱን በንጹሕ ወረቀት ላይ በእጅ ፈልፍለን እንደገና ስናስመረምር፣ ብረቱ ከ«ታደሰ» ጎን ወረደ፤ ካልሲየሙ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም።

አንድ ባልደረባችን «ገበሬውስ የሚበላው ያንኑ አይደል?» ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ቀላል ባይሆንም፣ የአፈር ብረት አብዛኛው ሰውነት በቀላሉ የማይወስደው ዓይነት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አቧራ በዘር አይተላለፍም። ያ ዝርያ በምርቱ ደህና ስለነበር ወደ ቀጣዩ የምርታማነት ሙከራ አለፈ፤ ከብረት ወላጆች ዝርዝር ግን ተሰረዘ። ለምርመራ የሚሄድ ናሙናም ከዚያ ወዲህ ከመወቃቱ በፊት፣ የዳጉሳው ራስ ከቆመበት ተቆርጦ በወረቀት ከረጢት ይሰበሰባል።