ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጥቅል ጎመን

ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛው ረቡዕ ነው። እናቴ ቅዳሴ ሄዳለች። እኔ ረቡዕ ረቡዕ ከቤት ስለምሠራ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ጥቅል ጎመን እየቀደድኩ ነው። በቢላ አይደለም፣ በእጅ። ቅጠሉን አንድ በአንድ እገነጥላለሁ፣ ወፍራሙን አንገቱን አወጣለሁ፣ ከዚያ ጉርሻ በሚያህል መጠን እቀደዋለሁ። ቻይኖች የምግቡን ስም ራሱ «በእጅ የተቀደደ ጎመን» ነው የሚሉት። የተቀደደው ጠርዝ ሸካራ ስለሚሆን ቅመሙን ይይዛል። በቢላ የተቆረጠው ለስላሳ ነው፣ ቅመሙ ይንሸራተትበታል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የምንበላው ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ነው፤ እሳት ላይ ግን እስካሁን ምንም አልተጣደም። ድሮ ቢሆን እናቴ በዚህ ሰዓት ባዶ ምድጃ ብታይ ትደነግጥ ነበር። አሁን ለምዳዋለች። ይህን በትልቅ እሳት በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ የቻይና አበሳሰል ያገኘሁት በጾም ምክንያት ስለሆነ፣ እሷ እስክትመጣ እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ቻይና ሄድኩ፤ ሲቿን ክፍለ ሀገር፣ ቼንግዱ ከተማ። ደመና የማይለያት ከተማ ናት። የሲቿን ውሻ ፀሐይ ስትወጣ ይጮኻል የሚል የቆየ አባባል አላቸው፣ ፀሐይን ስለማያውቃት። የመጀመሪያዎቹን ወራት የዩኒቨርሲቲው ካፌ እየበላሁ አለፍኩ። የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን።

አይከብደኝም ብዬ ነበር። ካፌው ውስጥ አትክልት በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ እንዲህ ያለ የአትክልት ብዛት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ቀረብ ብዬ ስጠይቅ ግን ጎመኑ የተጠበሰው በአሳማ ስብ ነው፣ ፎሶሊያው ላይ የተፈጨ ሥጋ ተነስንሷል። ለእነሱ ያ ሥጋ መብላት አይደለም፣ ማጣፈጫ ነው። «ቺ ሱ» የሚል ቃል አላቸው፣ ከሥጋ የነጻ ምግብ መብላት ማለት ነው። እሱን ተማርኩና በየሄድኩበት እሱን ማለት ጀመርኩ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሰምታ ወንሹ የሚባለው የቡድሃ ገዳም ወሰደችኝ፤ ግቢው ውስጥ ሥጋ የማይገባበት ምግብ ቤት አለ። እዚያ የገረመኝ ነገር፣ መነኮሳቱ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይበሉም፤ ስሜትን ያነሳሳል ብለው ይተዉታል። እኛ ጾሙን የምንገፋው በሽንኩርት አይደል? ምግቡ ጥሩ ነበር። ግን በየቀኑ ከተማ አቋርጬ ልሄድ አልችልም።

ዶርማችን ውስጥ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንዲት የጋራ ኩሽና ነበረች። አዪን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። አዪ ማለት አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ከፍ ያሉ ሴቶችን እንዲሁ አዪ ይሏቸዋል፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። ፎቃችንን የሚያጸዱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ሽንኩርት ከትፌ በትንሽ እሳት ሳቁላላ፣ ሊጠርጉ ገብተው አዩኝ። ጠርገው ወጡ። ተመልሰው ሲመጡ አሁንም ሽንኩርቱን እያማሰልኩ ነው። ምድጃውን ራሳቸው አጠፉት፣ ከቦርሳቸው ሁለት ድንች አወጡ፣ ሰፊውን ቢላ አንስተው «እይ» አሉኝ።

ድንቹን መጀመሪያ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ሸነሸኑት። ከዚያ ደርበው ከክብሪት እንጨት በቀጠነ ልክ ከተፉት። ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ውሃው ወተት መሰለ። ደፉት። እንደገና ነከሩት። ውሃው ኩልል እስኪል ድረስ። የድንቹ ስታርች ካልታጠበ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ገንፎ ይሆናል። ከዚያ በጨርቅ አደረቁት፤ ይሄኛውን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔም ለወራት እዘለው ነበር፣ ግን ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ አትክልት ሲጣድ ውሃው እንፋሎት ይሆንና ምግቡ መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ሳህን ውስጥ አቼቶ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር ቀላቀሉ። ነጭ ሽንኩርቱ በአንድ በኩል፣ ደረቁ ቃሪያ በሌላ በኩል ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እሳቱ እስካሁን አልተለኮሰም።

«ዳ ሁዎ!» አሉ። ትልቅ እሳት። ዎኩ፣ ታቹ ክብ የሆነው የቻይኖች መጥበሻ፣ እስኪጨስ ጋለ፣ ዘይቱ ገባ፣ ወዲያው ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ሳህኑ ላይ ያለው። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ቻው» ይሉታል ይህን አጠባበስ፤ እኛ ስንሰነባበት እንደምንለው ቃል ነው የሚሰማው፣ እውነትም ምግቡ እሳቱን ሰላም ብሎ የሚያልፍ ያህል ነው። ቀመስኩት። ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥል፣ ጥርስ ሥር ቀጭ የሚል ድንች። ድንች እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ያየሁትን ነገር ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት። የእኛ ወጥ ልፋቱ እሳት ላይ ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው፣ ጣዕሙን የሚሠራው ሰዓቱ ነው። ሲጎድል ይጨመራል፣ ሲወፍር ይቀጥናል፣ እየተቀመሰ ይስተካከላል። ቻው ላይ ይህ የለም። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይኖርም፤ ጨው የት አለ ብለህ ብትዞር ነጭ ሽንኩርቱ አሯል። ስለዚህ ሐሳብህን ሁሉ መክተፊያው ላይ ትጨርሳለህ። ይህ ለእኔ ትልቅ እረፍት ነበር። ከጥናት ደክሜ መጥቼ ቁጭ ብዬ መክተፍ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር። ከዚያ ሁለት ደቂቃ እሳት። ከዚያ መብላት።

አዪ ሌላም ያስተማሩኝ አባባል አለ፤ «ረ ጉዎ፣ ሊያንግ ዮው»፣ የጋለ ብረት፣ ቀዝቃዛ ዘይት። ዎኩ ባዶውን በደንብ ይግላል፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚገባው፣ ወዲያው ምግቡ ይከተላል። እንዲህ ከሆነ አይጣበቅም። ዘይቱን መጀመሪያ አድርገህ አብረህ ብታግለው ግን ዘይቱ ይቃጠላል።

ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ የፋብሪካ ቅብ የሌለው የብረት ዎክ ይዤ መጣሁ፣ ግማሹ ሻንጣ እሱ ነበር። ቤት እንደገባ ማሟሸት ነበረብኝ። ብረቱን ሰማያዊ እስኪሆን አግዬ፣ ዘይት በጨርቅ እየቀባሁ፣ እያበረድኩ፣ እንደገና እያጋልኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና ምንም ሳልነግራት «እያሟሸኸው ነው?» አለችኝ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ ያደግኩት እያየሁ ነው። ለካ ሥራው አንድ ነው።

ከዚያ ግን ችግር መጣ። ዎኩ ታቹ ክብ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃችን ጠፍጣፋ። ብረቱ የሚነካው መሐሉን ብቻ ነው። ኃይሉም ደካማ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ መብራቱ ራሱ ይቀንሳል። ጎመኔ በራሱ ውሃ ተቀቀለ። በጣም አዘንኩ። ለሳምንታት ዎኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። መፍትሔውን ያመጣችው እናቴ ናት፤ አንድ ቅዳሜ ጓሮ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ ሳለ «ለምን እዚህ አትጥደውም?» አለችኝ። የከሰል ምድጃው አፍ ክብ ነው። ዎኩ ልክ ለእሱ እንደተሠራ ቁጭ አለ። በማራገቢያ ሲነፋ ከሰሉ ቀልቶ ነበልባል ያወጣል፣ ዎኩ በደቂቃ ውስጥ ይጨሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ለቻው ከዚህ የተሻለ እሳት አላገኘሁም። ጓሮ ብቻ ነው ግን፣ የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ አይሆንም። ከሰል የሌለው ሰው ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ከባድ የብረት መጥበሻ ይያዝ፣ አራት አምስት ደቂቃ ባዶውን ያግለው፣ ከዚያ ለአንድ ሰው የሚሆነውን ብቻ እየጠበሰ ይደጋግም። ለአምስት ሰው በአንዴ ከሆነ ይቀቀላል።

የመጀመሪያውን ድንች ያቀረብኩላት ቀን «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጥሬ ነው!» አለችኝ። አልተከራከርኩም። ለእሷ አትክልት መብሰል ማለት መለስለስ ነው፤ ጥቅል ጎመን በካሮትና በድንች እርድ ገብቶበት እንደ ቅቤ ሲሆን ነው ምግብ የሚባለው፣ እኔም እሱን እወደዋለሁ። «እማዬ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ ቅመሺ» አልኳት። በእንጀራ ጠቅልላ በላች። ዝም አለች። ሁለተኛ ጠቀለለች።

ሙሉ በሙሉ ያሸነፋት ግን ሌላ ነገር ነው። እናቴ በጾም ሰዓት ወጥ ስትሠራ አትቀምስም። የጨውን ልክ በማሽተት ነው የምታውቀው፣ እጇም ለምዷል፣ ግን ሁልጊዜ ስጋት አለባት፤ በተለይ እንግዳ ሲኖር። ቻው ላይ ግን ቅመሙ አስቀድሞ በማንኪያ ተለክቶ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል። ለግማሽ ጥቅል ጎመን አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀጭኑ ሶያ ሶስ (ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጨዋማ መረቅ)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ፣ ከዚያ የምታንስ ስኳር። አንዴ ከተስተካከለ በሚቀጥለውም ያው ነው። መቅመስ አያስፈልግም። ይህን ስነግራት «ለጾም የተፈጠረ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ነው ረቡዕና ዓርብ የእኔ ተራ የሆነው።

ከአገራችን አትክልት ለቻው የሚወጣለት ቆስጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጭ ሽንኩርት ብዙ፣ ጨው፣ ሌላ ምንም። ግንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ቅጠሉ ለመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ። ሐበሻ ጎመን ጠንካራ ስለሆነ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ገባ ወጣ ማድረግ ይፈልጋል። ፎሶሊያ ላይ ግን አደራ እላለሁ። ቀጭ ይበል ብሎ ጥሬውን ማውጣት አይቻልም፣ በደንብ ያልበሰለ ፎሶሊያ ሆድ ይመርዛል። አዪ እዚህ ላይ ፈጽሞ አይቸኩሉም ነበር፤ ቆዳው እስኪጨማደድ፣ እዚህም እዚያም እስኪጠቁር ቀስ ብለው ያደርቁታል፣ ከዚያ ነው ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የሚገባው።

ደበርጃኑ ደግሞ ታሪክ አለው። ሲቿኖች «ዓሣ ዓሣ የሚል ደበርጃን» ይሉታል። ስሙን ስተረጉምላት እናቴ እጇን ሰበሰበች፤ እሷ በሁዳዴ ዓሣ አትበላም። ዓሣ የለበትም። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ አቼቶ፣ ስኳርና የቃሪያ ድልህ ነው፣ ለዓሣ የሚጠቀሙበት ቅመም ስለሆነ ስሙ እንዲያ ቀረ። ድልሁን ዶባንጂያንግ ይሉታል፤ ታዋቂው የሚመጣው ቼንግዱ አጠገብ ካለችው ፒሺየን ነው። ባቄላና ቃሪያ ከጨው ጋር ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት እንዲቦካ ተደርጎ ይሠራል። እናቴ ማሰሮውን ከፍታ አሸተተችና «ስልጆ ነው እኮ!» አለች። ቀለሙም ጣዕሙም የተለያየ ነው፣ ግን ባቄላ ማቡካቱን አፍንጫዋ አወቀው። ቻይና በዓለም አንደኛ ባቄላ አምራች ናት፣ እኛ ቀጥለን ነን። ሁለታችንም አቡክተን ነው የምናጣፍጠው።

ዶባንጂያንጉ ሲያልቅብኝ በበርበሬ ልተካው ሞክሬ አልሆነም። በርበሬያችን ውስጥ ኮረሪማ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፣ በሶብላ አለ፤ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አይበስልም፣ ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ዛላ በርበሬ ግን ይሆናል። ፍሬውን አራግፌ በመቀስ እቆርጠዋለሁ፣ ዘይቱ ላይ ጠቆር ሲል አትክልቱን እጨምራለሁ። ቃሪያ ለእነሱም ለእኛም የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ቻይና የደረሰው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ዛሬ ሲቿንን ያለ እሱ ማሰብ አይቻልም። የእነሱ የጥንት ቅመም ኋጂያው ነው፣ ምላስን የሚያደነዝዝ፣ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነ ትንሽ ፍሬ። ለእሱ ምትክ የለኝም። ያመጣሁት ሊያልቅ ነው፣ በፍሬ ቆጥሬ ነው የምጠቀመው።

የጊቢው በር ተንኳኳ። ነጠላዋን እያጠፈች ገባች፣ ፊቷ ላይ የጾም ድካም አለ። ጎመኑ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ነጭ ሽንኩርቱ ተቀጥቅጧል። ሳህኑ ላይ ያለው ተቀላቅሏል። ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዳ ከሰሉን ማራገብ ጀመረች።

«ጎመኑ ደርቋል?» አለችኝ ከዚያው ሆና።

«ደርቋል እማዬ።»

«በል አምጣው፣ ከሰሉ ቀልቷል።»