የጅማ መኪና በደብረ ብርሃን ውርጭ

ጅማ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና መያዝ ብዙ ጣጣ የለውም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል እኔም ወደዚያው ዞርኩ። ኤርዝ ያለው የራሱን መስመር አስዘረጋሁ፣ ማታ እሰካለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ። አለቀ።

ጉዱ የመጣው በጥር ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ደብረ ብርሃን የሄድን ጊዜ ነው። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በዚያ ወቅት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከመነሳቴ በፊት ጅማ ያለውን ሻጬን ጠይቄው ነበር። "ከመንገድ እንደገባህ እንዳትሰካ፤ ባትሪው ይቀዝቅዝ፣ ጠዋት ትሰካዋለህ" አለኝ። ቃሉን ሰምቼ አሳደርኩት።

ጠዋት መስታወቱ ላይ የጋገረውን በረዶ በመታወቂያዬ ፍቄ ሰካሁ። ቻርጀሩ በርቷል፤ ፐርሰንቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ነቅዬ ሰካሁ፣ ሶኬት ቀየርኩ፤ ያው ነው። መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ቻርጅ ብቻ እምቢ! ሙሽራዋን የሚያጅብ መኪና እኮ ነው። ሻጩ ጋ ደወልኩ። "ባትሪው ሞቷል፣ አምጣውና እንፈታዋለን" አለኝ። ሳያየው! ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በዚህ መሃል የግቢው ጥበቃ የተቀጣጠለ ከሰል በማንደጃ ይዘው ከመኪናው ሥር ሊያስገቡ ሲሉ ደረስኩ። "አባባ፣ በእግዜር ይተዉት!"

የገላገለኝ ሶላር የሚገጥም የሠርግ እንግዳ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ፣ ሊቲየሙ ግራፋይቱ (ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙን የሚቀበለው የካርቦን ክፍል) ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይለበጣል። ከተለበጠው ከፊሉ አይመለስም፤ አቅሙን ይቀንሰዋል፣ ሲብስ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ የባትሪው መቆጣጠሪያ ብርድ ሲበዛ ቻርጁን ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። ኃይል መስጠቱን ግን አይከለክልም። መኪናው እየሄደ ቻርጅ እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ከተማውን ዞር ዞር አድርጌ፣ ፀሐይ ላይ አቁሜ ሰካሁት። ረፋድ ላይ ፐርሰንቱ መነሳት ጀመረ። ለአጀባው በመከራ ደረሰ።

ማታ ከሠርጉ እንደተመለስኩ፣ ባትሪው ከመንገድ ሙቀቱ ሳይወጣ ወዲያው ሰካሁት። ጠዋት ሞልቶ ጠበቀኝ። እንግዲህ የእኔ ምክር ይኸው ነው፦ ደጋ ላይ ስታድሩ እንደገባችሁ ሰኩ። "ይቀዝቅዝ" የሚለው ለጊቤ በረሃ ሙቀት ይሁን፣ ለጥር ውርጭ አይሠራም። ከተቻለ ግድግዳ ተጠግታችሁ ወይም ጣሪያ ሥር አቁሙ። ብርድ የምትሄዱበትን ርቀትም ስለሚያሳጥር ባትሪውን አሟጣችሁ አትግቡ። ፈላ ውኃና ከሰል የሚያመጣ ሰው ካለ አመስግናችሁ መልሱት።

ጅማ ስመለስ ሻጩ ባትሪውን "ከፍቶ ለማየት" ዋጋ ነገረኝ። አላስነካሁትም። በቀደም ደግሞ ወደ ባሌ ጎባ ለሚሄድ ደንበኛ ያንኑ "ይቀዝቅዝ" ሲለው ሰማሁት። ሰውዬውን ውጭ ጠብቄ ነገርኩት።