ድሬ ላለች እናት ሠራተኛ ስትቀጥሩ

ውጭ አገር አረጋውያንን ሲንከባከብ የኖረ ሰው «ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ» የሚለውን ትምህርት ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ምሁር ቶም ኪትውድ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሲሟገት፣ ከሕመሙ በፊት ሰውየውን እዩ ያለው ይህንኑ ነው። ድሬዳዋ ላለች እናት ሠራተኛ ሲቀጠር ግን ትእዛዙ «እጠቢያት፣ አብያት፣ መድኃኒቷን እንዳትረሺ» ብቻ ይሆናል። እናትየዋ የለችበትም።

መጀመሪያ አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። ከእናንተ ትዝታ ሳይሆን ከእሷ አፍ፤ የ10 ዓመት ትዝታ የዛሬዋን እናት አያውቃትም። ምን ተብላ መጠራት ትወዳለች? ድሬ ላይ አንቱታ እምብዛም ስለሆነ፣ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣች ሠራተኛ «እርስዎ» ስትላት እንደ ባዕድ ሊሰማት ይችላል። ሲደክማት የሚቀናት አማርኛ ነው፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይስ ሐረሪ? መርሳት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው በኋላ የተለመደው ቋንቋ ነው። የሶላቷ ወይም የጸሎቷ ሰዓትም ይጻፍ፤ መታጠቡም ምግቡም በዚያ ዙሪያ ይሂድ።

ጠብ የሚበዛው ገላ መታጠብ ላይ ነው። «እምቢ አለች» ከተባለ ምክንያት አለ፦ በእንግዳ ፊት መራቆት፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ መንሸራተት፣ የውሃው ቅዝቃዜ። መደገፊያ ያለው ወንበርና የማያንሸራትት ምንጣፍ ይግባ፤ ሠራተኛዋ ውሃውን በክንዷ ትፈትን፤ ፎጣ ደርባላት የሚታጠበውን ብቻ ትግለጥ። ሳሙናው ግን ለእናት ይሰጥ፤ ፊቷንና ኀፍረተ ሥጋዋን ራሷ ትጠብ። ሠራተኛዋ ስለምትፈጥን ሁሉንም ልትሠራላት ትችላለች፤ ያልሠራ እጅ ደግሞ ቶሎ ይሰንፋል። ስትሮክ ካለ ድሪያው (ሰፊው ቀሚስ) ሲለበስ የደከመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲወልቅ ጤነኛው ቀድሞ ይወጣል።

በድሬ ሙቀት የሚያሳስበው ውሃ ነው። በእርጅና የጥም ስሜት ይቀንሳል። ብዙ እናቶች ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት መነሳትን ፈርተው ሆን ብለው አይጠጡም፤ ይህን ሳያውቁ «ጠጪ» እያሉ መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም። አልጋው አጠገብ ፖፖና መብራት ይቀመጥ፤ ውሃው ቀን ቀን በትንሽ ብርጭቆ ደጋግሞ ይቅረብ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባት መጠኑን ሐኪም ይወስን። ከአልጋ ስትነሳ ጠርዙ ላይ 1 ወይም 2 ደቂቃ ትቀመጥ፤ በድንገት ከቆመች የደም ግፊቷ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች።

ስትደውሉ «በላች?» ብላችሁ ሠራተኛዋን ከመጠየቃችሁ በፊት ስልኩ ለእናት ይሰጥ። ወረቀቱን በየ3 ወሩ አንብቡላትና እሷ ያስተካከለችውን ለውጡ፤ ከወደቀች ወይም ሆስፒታል ከገባች ግን ያኔውኑ።