የሬሳ ገጽ ላይ ቡና አይፈላም

ከሚኒያፖሊስ የወጣሁት ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጊዜው መስከረም፣ በፈረንጆቹ 2023። ማንካቶን አልፌ ዊንደም ስደርስ ወደ ደቡብ፣ ወደ 71 ቁጥር መንገድ ታጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለው በቆሎ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ። አልፎ አልፎ ደግሞ መስኮት የሚያዘጋ የአሳማ ሽታ። አዮዋ ገብቼ፣ ስፔንሰርን ወደ ኋላ ትቼ፣ አራት ሰዓት ገደማ ከነዳሁ በኋላ ስቶርም ሌክ ደረስኩ።

ወደዚህች ከተማ ሰው የሚመጣው ሐይቁ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ነው፤ አለዚያ ስጋ ፋብሪካ ሊቀጠር። እኔን ያመጣኝ ጋዜጣ ነው። ነዋሪዋ 11 ሺህ ገደማ ነው። በስጋ ፋብሪካዎቹ ምክንያት ከላኦስ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሱዳን፣ ከየት ያልመጣ ሰው አለ? ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ ከ20 በላይ ቋንቋ ይነገራል። በዚህች ከተማ በሳምንት ሁለት ቀን እየወጣ 3 ሺህ ገደማ ቅጂ የሚሸጥ ጋዜጣ፣ በ2017 የአሜሪካ ጋዜጠኞች ትልቁን ሽልማት፣ ፑሊትዘርን አሸነፈ።

ቢሮው በር ላይ ስደርስ ተዘግቷል። ቅዳሜ ነዋ! ስንት ዓመት ዜና ጽፌ «ቅዳሜ ትከፍታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ጠፋኝ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ትንሽ ወደ ውስጥ አየሁ። መንገደኛ ሲያልፍ አፈርኩና ሰዓት ለማየት የቆምኩ መሰልኩ።

የቤተሰብ ሱቅ በሉት። ጆን ከለን በ1990 «ስቶርም ሌክ ታይምስ»ን መሠረተ። ወንድሙ አርት አዘጋጅ ሆነ። የአርት ባለቤት ዶሎረስ ፎቶ ታነሳለች፣ ትጽፋለች። ልጃቸው ቶም ሪፖርተር ነው። በሽልማቱ ጊዜ ጠቅላላ ሠራተኛው አሥር ገደማ ነበር። በ2022 ደግሞ የከተማዋን ሌላኛውን ጋዜጣ «ፓይለት ትሪቢዩን»ን ገዝተው አንድ አደረጉት።

ያሸለማቸው የውሃ ጉዳይ ነው። እርሻው ላይ የሚፈሰው ማዳበሪያ ከመሬት በታች በተቀበረ ማንጠፍጠፊያ ቱቦ አድርጎ ወንዝ ይገባል። ውሃውን የሚበክለው የማዳበሪያው ናይትሬት ራኩን ወንዝን ይዞ እስከ አዮዋ ዋና ከተማ ዴሞይን ይወርዳል። የዴሞይን ውሃ ድርጅት በ2015 ሦስት ካውንቲዎችን (እንደኛ ወረዳ በሏቸው) ከሰሰ፤ አንዷ ስቶርም ሌክ ያለችበት ቡዌና ቪስታ ናት። ካውንቲዎቹ ውድ ውድ ጠበቃ ቀጠሩ። ጋዜጣው አንዲት ጥያቄ ጠየቀ፦ ለጠበቃው የሚከፍለው ማነው? ቶም ዜናውን እያሳደደ፣ አባትየው ርዕሰ አንቀጹን እየጻፈ ነገሩን አልለቀቁትም። ገንዘቡ ከግብርና ንግዱ ወገን የመጣ፣ የሰጪዎቹ ስም የተደበቀ ሆኖ ተገኘ። ክሱን ፍርድ ቤት መጋቢት 2017 ውድቅ አደረገው። ወር ሳይሞላ ሽልማቱ መጣ።

ልብ በሉ፤ እዚያ አገር ማስታወቂያ የሚያወጣውም፣ ጋዜጣ የሚገዛውም ገበሬ ነው፣ ወይም ከገበሬ ጋር የሚነግድ ነው። የጻፍክበትን ሰው ማታ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ከፊትህ ታገኘዋለህ።

ይህን አውቀዋለሁ። አገር ቤት፣ አንድ የዞን ከተማ ውስጥ፣ ለሬድዮ ዜና እጽፍ ነበር። አንድ ክረምት ቦኖዎቹ ሁለት ሳምንት ደረቁ። የኃላፊው ዘመድ ላቫጆ ግን ቀን ከሌት መኪና ያጥባል። ሠራሁት፤ ተላለፈ። በሳምንቱ ጎረቤታችን ሞተና ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ራት ሊቀርብ ሲል ማስታጠቢያ የያዘ ሰው ፊቴ ቆመ። ቀና ስል ኃላፊው ራሱ ነው! አንድ ዕድር ነን። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጆጉን ዘንበል አደረገና፣

«ታጠብ እንጂ ልጄ። ውሃ የለም ብለህ የለ?» አለኝ።

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ግን እውነቱን ልናገር፤ የሚቀጥለውን የውሃ ዜና ለዘብ አድርጌ ነው የጻፍኩት። እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ሳያለዝቡ ቆዩ? ቢሮው ክፍት ቢሆን ልጠይቃቸው ያሰብኩት ይህንን ነበር።

ያደርኩት ከተማዋ ውስጥ ካሉ ጥቂት ሐበሾች አንዱ፣ የድሮ ጓደኛዬ ቤት ነው። ፋብሪካ ውስጥ የማታ ፈረቃ ይሠራል። የዓርቡን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁትና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ፣ የትምህርት ቤት ኳስ፣ የዝናቡ ነገር። ከዚያ ከነፎቷቸው የሞቱ ሰዎች። የት እንደተወለዱ፣ ማንን እንዳገቡ፣ ስንት የልጅ ልጅ እንዳላቸው፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ። የኛ የዕድር ጡሩምባ ወረቀት ላይ ወጥቶ ቢሆን ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እኛ የልጅ ልጅ አንቆጥርም።

«እንግሊዝኛ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። «ሲኤንኤን የማያውቀኝን ሰው ነው የሚያወራልኝ። ይሄ ግን የማውቀውን።»

ፍሪጁ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠች ቁራጭ በማግኔት ተለጥፋለች። የሩጫ ውድድር ውጤት ነው፤ አሥራ አንደኛ መስመር ላይ የሴት ልጁ ስም። አሥራ አንደኛ ወጥታ ነው እንግዲህ ጋዜጣ ላይ የወጣችው!

እሁድ ጠዋት ባለቤቱ ቡና ልታፈላ ተነሳች። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ከረከቦቱ ሥር ልታነጥፍ ከአሮጌ ጋዜጦቹ ክምር አንዱን አወጣች። ገለበጠችው፣ ቁጭ ብላ ገጹን አየችው፣ መልሳ አጥፋ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች።

«ያኛው ምን ሆነ?» አልኳት።

«የሬሳ ገጽ ነው» አለችኝ። «ሰው ላይ ቡና አላፈላም። አሮጊቷን ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ ላይብረሪ ነበሩ።»