ሲቪ 29 ላይ የተጻፈችው 1

ጀርመን አገር አንድ የሞዴል ባቡር መጠገኛ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛው ወር ነበር። ጠረጴዛዬ ከዋናው ቴክኒሻን ጎን ነው። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ሎኮሞቲቭ በካርቶን ይዘው ገቡ። የ1፡87 ሞዴል ነው፣ በደንብ የተያዘ።

«መብራቱ አስቸገረኝ» አሉ። «ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ስጨምር ይበራል፤ ደግሜ ስጨምር ይጠፋል፤ እንደገና ስጨምር ይበራል። አቅጣጫው ተገላብጦ ነበር፣ እሱን እንኳ ራሴ አስተካክዬዋለሁ።»

ሽማግሌው ችግሩን ከነመነሻው ነግረውን ነበር። እኔ ያኔ አልገባኝም። ዋናው ቴክኒሻን ደግሞ «መብራት» ከምትለዋ ቃል በኋላ ያለውን አልሰማም።

«ዋከልኮንታክት» አለ። ሽቦ ላልቷል ማለቱ ነው። መንኮራኩሮቹን በአልኮል ጠረገ። የመብራቱን ሰማያዊ ሽቦ ነቅሎ እንደገና በየደ። ለውጥ የለም። ከዚያ ሎኮሞቲቩን በዲጂታል ትእዛዝ ከሚሠራው ሐዲድ አንስቶ ተራ ዲሲ፣ ማለትም ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ብቻ ያለበት ሐዲድ ላይ አስቀመጠው። ንቅንቅ አላለም። «ዲኮደሩ ሞቷል» ብሎ ጻፈ። ዲኮደር ሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆኖ ዲጂታል ትእዛዙን የሚቀበል ትንሽ ሰሌዳ ነው። አዲስ ዲኮደር ገባ፣ ሁሉም ነገር ሠራ። ሽማግሌው የዕቃውንም የእጁንም ከፍለው፣ አመስግነው ሄዱ።

አሮጌው ሊጣል ሲል «ልለማመድበት» ብዬ ወሰድኩት። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነው የሠራው። የተበላሸ የተባለ ዕቃ ፈትቶ ሳያይ አይጥልም ነበር። ማታ ሁሉም ሲወጣ ዲኮደሩን መሞከሪያ ሰሌዳው ላይ ሰካሁትና ሲቪ 29ን አነበብኩ። ሲቪ ዲኮደሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ነው። 1 ይላል።

ብዙ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲመጣ እዚያ ላይ 6 ነው ያለው። 6 ማለት 2 እና 4 ናቸው። 2ቷ 28 የፍጥነት ደረጃ ትፈቅዳለች። 4ቷ በተራ ዲሲም እንዲሄድ ታደርጋለች። አቅጣጫ ለመገልበጥ 1 ይጨመርና 7 ይሆናል። ሽማግሌው ግን አልጨመሩም። 6ን አጥፍተው በቦታዋ 1 ጻፉ። አቅጣጫው ተገለበጠላቸው፤ 2ቷና 4ቷ ግን አብረው ሄዱ።

2ቷ ከሌለች ዲኮደሩ ወደ ድሮው 14 ደረጃ ይመለሳል። በ14 ደረጃ የመብራቱ ትእዛዝ የሚመጣው ከፍጥነቱ ጋር በአንድ መልእክት ነው፤ አንዲት ቢት፣ ማለትም አንዲት 0 ወይም 1 ናት። በ28 ደረጃ ያቺው ቢት ለፍጥነቱ ተሰጥታለች። ስለዚህ ኮንትሮለሩ፣ ባቡሩ የሚነዳበት መቆጣጠሪያ፣ በ28 ደረጃ «ትንሽ ፍጠን» ባለ ቁጥር ዲኮደሩ የሚሰማው «አብራ»፣ «አጥፋ» ነው። ዲሲ ላይ ያልተንቀሳቀሰውም 4ቷ ስለሌለች ነው። የሞተ ነገር አልነበረም። 7 ጻፍኩበት። መብራቱ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው ሳይርገበገብ በራ።

ጠዋት ለዋናው ቴክኒሻን አሳየሁት።

«ደህና ነው» አልኩት። «ቁጥሩ ነው የተሳሳተው።»

ትንሽ አየው። «ሰውየው አዲስ ዲኮደር አግኝተዋል፣ ደስ ብሏቸው ሄደዋል» አለኝ። «ምን ጎደለባቸው?»

መልስ አልሰጠሁትም። እስካሁን ያቺ ጥያቄ ትቆጠቁጠኛለች። ገንዘባቸው ጎደለ። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የሆነውን ሳያውቁ ሄዱ። አዲሱም ላይ ነገ 1 ይጽፋሉ። ይህን ማለት ነበረብኝ። ዲኮደሩን በትንሽ ላስቲክ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ዋናው ቴክኒሻን ሥራውን የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። በሳምንቱ መብራቱ የሚርገበገብ ሌላ ሎኮሞቲቭ መጣ። እኔ ወዲያው ሲቪ 29ን አነበብኩ፤ 6 ነው። ሌሎቹንም ሲቪዎች አንድ በአንድ ሳይ አንድ ሰዓት ሄደ። እሱ አልፎ ሲሄድ ቆመና ሎኮሞቲቩን በጣቱ ነካ አደረገው። «ሰማያዊው ሽቦ» አለ። ከፈትኩት። ሰማያዊው ሽቦ ነበር።

ከወር በላይ ቆይቶ ሽማግሌው ሌላ ሎኮሞቲቭ ይዘው ተመለሱ።

«ይሄም እንደዚያኛው ሆነብኝ» አሉ። «ዲኮደር ቀይሩልኝ።»

«አቅጣጫውን ሲገለብጡ ሲቪ 29 ላይ ምን ጻፉ?»

«1 ነዋ። መገልበጫው 1 አይደለም?»

ወረቀት አወጣሁና 1፣ 2፣ 4 ብዬ ጻፍኩላቸው። የእያንዳንዷን ሥራ ነገርኳቸው። ድምሩን ራሳቸው ሠሩት። ኮንትሮለሩን ሰጠኋቸው፣ 7ንም ራሳቸው አስገቡ። ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ጨመሩ። መብራቱ አልጠፋም። ብዙ ዝም ብለው አዩት።

«ያኛውስ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከጎኔ የመበየጃው ድምፅ ቆመ።

«ያኛውም ይኸው ነበር» አልኳቸው። መሳቢያዬን ከፍቼ ዲኮደሩን ከነላስቲኩ ሰጠኋቸው። «ደህና ነው። ሌላ ላይ ያስገቡታል።»

ተቀበሉኝና ወደ ዋናው ቴክኒሻን ዞር አሉ። እሱ ቀና አላለም። ሽማግሌውም ምንም አላሉትም። ድምሩ ያለበትን ወረቀት በጥንቃቄ አጥፈው ካርቶኑ ውስጥ፣ ከሎኮሞቲቩ አጠገብ አስቀመጡት።