የስምንት ዓመቱ አማች

ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ በስልክ አስጠንቷቸዋል። በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያት አያልፉም ነበር። ባሌ የቨርጂኒያ ልጅ ነው፤ የእናቱ ዘሮች ከአሜሪካ ነፃነት በፊት ጀምሮ ሰሴክስ ካውንቲ አካባቢ ያረሱ ናቸው። እልህ ያዘኝና ከሁለት ዓመት በፊት የእሱን ዘር መቁጠር ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛው ቤት ገባሁ። ጉራ ካላችሁት ይሁን።

እስከ 1850 ድረስ ያለው መንገድ ቀላል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ ወደ ኋላ የሕዝብ ቆጠራው የአባወራውን ስም ብቻ ስለሚጽፍ ኑዛዜና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ መግባት ግድ ይላል። እኔም እዚያው ሰመጥኩ።

እዚያ ያገኘሁት የአንድ ሰው ኑዛዜ የተጻፈው ኦክቶበር 1752 ነው። ሰውየው ለሚስቱ የላባ ፍራሽ፣ ለ«ሰን ኢን ሎው»ው ላምና ጥጃ ይተዋል። ከላሟ ቀጥሎ ደግሞ የሰው ስም አለ፤ አንዲት በባርነት የተያዘች ሴት፣ «ወደፊት ከምትወልዳቸው ጋር»። እዚያ ላይ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ወጣሁ። አሁን እንዲህ ዓይነቶቹን ስሞች ለብቻ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ዘሩን የሚፈልግ ሰው ከመጣ እሰጠዋለሁ።

ወደ ላሟ ልመለስ። «ሰን ኢን ሎው» ሲል፣ እንደ ዛሬው እንግሊዝኛ፣ አማች ነው አልኩ። አማች ካለ ልጅ አለች። ልጅቷ ኑዛዜው ላይ የለችም፣ እንግዲያው ቀድማ ሞታለች! በቃ፣ «1725 ገደማ የተወለደች» ብዬ ልጅ ፈጠርኩለት። ሦስት ወር ሙሉ ፈለግኳት። ይባስ ብዬ ለታንክስጊቪንግ (ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ አማቴ ሳሎን ለጠፍኩት።

ያዳነኝ የአልበማርል ሰበካ መዝገብ ነው። ከ1739 እስከ 1778 ያለውን ይዟል፤ ልጁ መቼ ተወለደ፣ መቼ ተጠመቀ፣ ማን ክርስትና አነሳው፣ ሁሉም አለ። አማች ያልኩት ሰው የተወለደው ፌብሩዋሪ 1743 ነው፣ ከሌላ አባት። ኑዛዜው ሲጻፍ ዘጠኝ ዓመቱ! እንዲያውም ስምንት፤ እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ግዛት ዓመቱን የሚለውጠው ማርች 25 ስለነበር የእነሱ ፌብሩዋሪ 1743 በዛሬው አቆጣጠር 1744 ነው። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዤ ያደግሁ ሰው ይሄ እንዴት እንዳመለጠኝ አትጠይቁኝ።

ለካ በዚያ ዘመን «ሰን ኢን ሎው» የእንጀራ ልጅም ነው። «ማዘር ኢን ሎው»ም የእንጀራ እናት ልትሆን ትችላለች። ዛሬ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ የሚባልበት «ከዚን» ብዙ ጊዜ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው። «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» ደግሞ አባትና ልጅ ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ሰፈር ያሉ ትልቁና ትንሹ ሞክሼዎች ናቸው። እኛ «የእንጀራ ልጅ» ብለን በተገላገልነው ነገር የእኔ ሦስት ወር ተበላ።

የልጁ እናት ስም ከሟቹ ሚስት ስም ጋር ይገጥማል፤ ግን በዚያ ስም የማትጠራ ሴት ያለች አይመስልም። ስለዚህ የካውንቲውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቅጠል በቅጠል አየሁ። የልጁ እናት የሟች የመጀመሪያ ባሏን ንብረት ሒሳብ ለማስመርመር ስትቀርብ ከአዲሱ ባሏ፣ ከተናዛዡ ሰውዬ ጋር ተጽፋለች። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

ለጀማሪ የምለው፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሰቀለውን የዘር ሐረግ አትቅዱ። ዋናውን ኑዛዜ በእጃችሁ ገልብጡት፣ ሙሉውን፣ ምስክሮቹን ጭምር። አሰልቺ ነው፤ ግን ዓይን የሚዘለውን እጅ አይዘልም። እኔ ራሴ ማታ ማታ የዘር መፈለጊያው ድረ ገጽ «ይህ ዘመድዎ ሊሆን ይችላል» ሲለኝ እጄ አላርፍ ብሎ እጫናለሁ። ሌላው፣ የበኩር ልጅ ኑዛዜ ላይ ከጠፋ ተረግሟል ብላችሁ አትቸኩሉ። እስከ 1785ቱ የቨርጂኒያ ሕግ ድረስ ያልተናዘዙበት መሬት በሙሉ የበኩሩ ነበር፤ ስሙን መጻፍ አያስፈልግም።

አማቴ ወረቀቱን አላነሳም አለች፤ የፈጠርኳትን ልጅ በስክሪብቶ ሰርዤ ተውኩት። አሁን የቀረኝ የልጁ እናት የአባት ስም ነው። ልጁን ክርስትና ያነሳችው ሴት አክስቱ ትመስለኛለች፤ ማስረጃ ግን የለኝም። የቤተሰቧን ስም ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ። በእርሳስ ነው።