ከዴንጌ በላይ መኪና የለም

ልብሴም ፀጉሬም ጭስ ጭስ ይላል። ትናንት ከዋኤ ሬቦ ወርጄ ሩቴንግ ከተማ ገብቻለሁ። ጉልበቴ ደረጃ መውረድ እምቢ ስላለኝ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ነገሩ ትኩስ እያለ ልጻፈው።

ለማያውቃት ሰው፣ ዋኤ ሬቦ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ በሚባለው ደሴት፣ በማንጋራይ ተራሮች መሃል ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች መንደር ናት። ስሟን ባታውቁም ፎቶዋን ሳታዩት አትቀሩም። ሰባት ረጃጅም ሾጣጣ የሣር ቤቶች፣ መሃላቸው ኮምፓንግ የሚሉት ክብ የድንጋይ መደብ፣ ዙሪያውን ደንና ጉም። እኔም ለትምህርት ኢንዶኔዥያ ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ ፎቶ ምክንያት ላያት ስመኝ ነበር።

ፎቶው ላይ የማይታየው ሸክሙ ነው።

መኪና የሚሄደው ከተራራው ስር ዴንጌ እስከምትባለው መንደር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በጫካ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ሽቅብ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ መሬቱ ያንሸራትታል፣ አልቅቱም እግር ላይ ይጣበቃል። ቁልቁል ሲወርዱ ያገኘናቸው ወንዶች ቡና ተሸክመዋል። ሽቅብ የሚወጡት ደግሞ ሩዝ። ላይ ቡናው እንጂ ሩዙ አይበቅልም፤ ስለዚህ ቡና ሸጠው ሩዝ ይገዛሉ፣ እሱንም በጀርባቸው ያወጡታል። ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ዘይቱ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ሲሚንቶው፣ የሶላሩ ሰሌዳ፣ እኔ የተኛሁበት ፍራሽ ሳይቀር በሰው ጀርባ የወጣ ነው። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ሙሉ ጆንያ ሩዝ ግንባራቸው ላይ በታሰረ ማንገቻ ይዘው፣ በነጠላ ጫማ፣ እኔን አልፈውኝ ሄዱ። «ቀስ በይ» ብለውኝ ነው ያለፉት። እኔ የያዝኩት አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነበር።

መንደሩ ሊደረስ ሲል አንዲት ትንሽ ዳስ አለች፤ እዚያ የተሰቀለ ቀርከሃ ይመታና እንግዳ እየመጣ መሆኑን ላይ ያሉት ይሰማሉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ዋናው ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ለአያቶቻቸው መንፈስ ስለ እንግዶቹ ይናገራሉ፣ ከክፉ እንዲጠብቁን ይለምናሉ። ይህ ሳይደረግ ፎቶ ማንሳትም፣ ወዲያ ወዲህ ማለትም አይፈቀድም። ሰዎቹ ካቶሊኮች ናቸው፤ ሁለቱን አብረው ይዘው ይኖራሉ። ሽማግሌው ሲጨርሱ አስጎብኚያችን «ከአሁን በኋላ የቤት ልጆች ናችሁ» አለን፣ ቡናም መጣ።

ቤቱን ሳልገልጸው ማለፍ አልችልም። ምባሩ ኒያንግ ይሉታል። ሚስማር የለውም፤ እንጨቱ ሁሉ የተጠፈረው ራታን በሚሉት ሐረግ ነው። ከውጭ አንድ ትልቅ ጣሪያ ብቻ መሬት ላይ የተደፋ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አምስት ደረጃ አለው። ሰው የሚኖረው ታች ነው፤ በርካታ ቤተሰቦች በአንድ ጣሪያ ስር፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በጣውላ የተከፈለ ክፍል፣ መሃል ላይ የጋራ ምድጃ። ከሱ በላይ ያለው ለዕለት ምግብና ዕቃ ነው። ሦስተኛው ለዘር ነው። በቆሎው፣ ባቄላው፣ ለሚቀጥለው ወቅት የሚዘራው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። አራተኛው ለክፉ ቀን ነው፤ ምርት የጠፋ ዓመት የሚበላ እህል። ከሁሉ በላይ ያለችው ትንሿ ለአያቶች የሚቀርበው መባ የሚቀመጥባት ናት። እንግዲህ አስቡት፣ ድርቅ ቢመጣ የሚበላው ከሚዘራው በላይ ተቀምጧል፣ ዘሩም ከዕለት ቀለቡ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ሰው ተርቦ ዘሩን እንዳይነካ ቤቱ ራሱ ከልክሎታል ማለት ነው። እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀና ብዬ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ግን ሣሩን ከነፍሳት የሚጠብቀው፣ እንጨቱንም የሚያጠነክረው እሱ ነው። እኛም አገር ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው። በሌሎች የማንጋራይ መንደሮች ክብ ቤቶቹ አብዛኞቹ በቆርቆሮ ቤት ከተተኩ ቆይተዋል። ዋኤ ሬቦም እ.ኤ.አ. በ2008 ዮሪ አንታር የሚባለው የጃካርታ አርክቴክት ከጓደኞቹ ጋር ሲወጣ ከሰባቱ ቤቶች የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ሁሉም ደህና አልነበሩም። ከዚያ ገንዘብ ከከተማ በጎ አድራጊዎች ተሰባሰበ፣ ሥራውን ግን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ እያሳዩ፣ ወጣቶቹ እያሰሩ። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ ምክንያቱም ቤቱ በሌላ እጅ ተሠርቶ ቢሰጣቸው ኖሮ ሣሩ ሲያረጅ እንደገና ሌላ እጅ መጠበቅ ነበረባቸው። አሁን አሠራሩን የሚያውቅ ትውልድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኔስኮ ለእስያና ፓስፊክ ቅርስ ጥበቃ የሚሰጠውን ከፍተኛውን ሽልማት አገኙ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዳው የጎረፈው።

እንግዳውንም የያዙበት መንገድ አስደስቶኛል። ሆቴል የለም። የእንግዳውን ክፍያ የሚሰበስበው የመንደሩ የራሱ ማኅበር ነው፣ ሴቶቹ በተራ ያበስላሉ፣ እንግዳ ሁሉ በአንድ ቤት ወለል ላይ ተሰልፎ ይተኛል። ማታ ጄኔሬተር ለጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ ሁሉም ስልኩን ለመሰካት ይሻማል፣ ከዚያ ይጠፋል። ኔትወርክ ከፈለግክ ወደ ጫካው መንገድ ተመልሰህ ኮረብታ ላይ መውጣት ነው።

ጠዋት ከቤቱ በስተጀርባ አንዲት እናት ቡና ሲወቅጡ አገኘኋቸው። በረጅም ዘነዘና፣ ቆመው፣ በእንጨት ሙቀጫ። ከፊት ለፊታቸው ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቡና አለ፤ ፀሐይ በጉሙ መሃል ብቅ ስትል ይዘረጉታል፣ ካፊያ ሲመጣ እየሮጡ ይሰበስቡታል። «ማማ፣ ላግዝዎት?» አልኳቸው፤ እዚያ አካባቢ ትልቅ ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው። ዘነዘናውን ሰጡኝና ትንሽ አየት አድርገውኝ «ከዚህ በፊት ወቅጠሻል አንቺ» አሉኝ። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው አላወቁትም። ቡና መጀመሪያ የተገኘው እኛ አገር ነው፣ ከኛ ወደ የመን፣ ከዚያ በሕንድ በኩል ሆላንዶች ወደ ጃቫ አመጡት ብዬ በተሰባበረ ኢንዶኔዥያኛዬ ነገርኳቸው። በጣም ተገረሙ። ጎረቤታቸውን ጠርተው «የቡናው አገር ልጅ ናት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሁሉ ተለወጠ፤ ኪሎውን በስንት እንደሚሸጡ፣ ነጋዴው ታች በስንት እንደሚቀበላቸው፣ ለእንግዳ ተቆልቶ ሲሸጥ ደግሞ ምን ያህል እንደሚሻል ቁጭ ብለው አስረዱኝ።

ልጆች እንዳሏቸው ጠየቅኳቸው። አንዷ ሰባት ዓመቷ ነው። እዚህ የለችም።

ትምህርት ቤቱ ታች ነው። ስለዚህ የዋኤ ሬቦ ልጆች ለትምህርት ሲደርሱ ከተራራው ወርደው ኮምቦ በምትባለው ታችኛዋ መንደር፣ አያት ወይ ዘመድ ዘንድ ይኖራሉ። ወደ ላይ የሚመጡት ትምህርት ሲዘጋ ነው። ወላጅ በተራው ሲመቸው ይወርዳል። እኚህ እናት ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፣ ዘነዘናውንም አላቆሙም። «እኔም እንደዚሁ ነው የወረድኩት፣ ማታ ማታ አለቅስ ነበር፣ እሷም ታለቅሳለች» አሉኝ። መንደሩ ውስጥ ሳየው ለምን ሕፃንና ሽማግሌ እንደሚበዛ ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ሲታመምስ? በቃሬዛ ነው፣ ወጣቶች ተቀባብለው፣ በዚያው መንገድ። ነፍሰ ጡር ሴት ቀኗ ሲቃረብ ቀድማ ወርዳ ትጠብቃለች።

ያን ዕለት ማታ አብረውኝ ያደሩት ተጓዦች ስለ መንገድ ሲከራከሩ ነበር። አብዛኞቹ መኪና በፍጹም መምጣት የለበትም፣ ይበላሻል፣ እንዲህ ሳትነካ ትቆይ ባዮች ናቸው። ሲናገሩ ሰማኋቸውና ሆዴን አመመኝ። በማግስቱ ወርደው እዚያው ደሴት ላይ ባለችው የቱሪስት ከተማ፣ ላቡዋን ባጆ፣ ጥሩ ሆቴል የሚያድሩ ሰዎች የሌላውን ልጅ እንቅልፍ ያህል ነገር በአንድ ቃል ይወስናሉ። ላቡዋን ባጆን መንግሥት ከአምስቱ ዋና ዋና የቱሪስት ቦታዎች አንዷ አድርጎ ብዙ ገንዘብ አፍስሶባታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር (አሴያን) መሪዎች ሲሰበሰቡባት አስፋልቱም፣ ሆቴሉም፣ ወደቡም ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ገንዘብ ደሴቱ ላይ ጠፍቶ አይደለም።

ግን የመንደሩን ሰዎች ስጠይቅ እነሱም መኪናውን እስከ ቤቶቹ ድረስ አልፈለጉትም። የጠየቅኳቸው ሁሉ ማለት ይቻላል። መኪና ከመጣ እንግዳው አይቶ በዚያው ይመለሳል፣ አያድርም፣ አያድርም ማለት ደግሞ ገቢው ቀረ ማለት ነው፤ ከዚያ ደኑ ይቆረጣል፣ ከዚያ ውሃው። እነሱ ይህን ከኛ በላይ አስበውታል። የፈለጉት ሌላ ነው፤ የእግር መንገዱ የሚናደው ቦታ እንዲጠገን፣ ላይ ነርስ እንድትኖር፣ ትንንሾቹ ልጆች ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች እዚያው እንዲማሩ። ማማ «ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ትውረድ፣ ያኔ ትችላለች» ነው ያሉኝ።

እኔም እንዲያ ነው የማስበው። ልማት ሲባል ሁልጊዜ ሰውን ወደ አገልግሎቱ ማውረድ ለምን ይሆናል? አገልግሎቱ ይውጣ። ይህች አገር ደግሞ አትችልም አይባልም። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 ባሉት ጥቂት ዓመታት፣ በነዳጅ ገንዘብ፣ ከ61,000 በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሠራች አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በየመንደሩ አዋላጅ ማስቀመጥ ጀምራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሠልጥናለች። ፖስያንዱ የሚሉት አለ፤ የመንደር በጎ ፈቃደኛ ሴቶች በየወሩ ሕፃናትን የሚመዝኑበት፣ ክትባት የሚሰጥበት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮም በመንደሮች ሕግ መሠረት ማዕከላዊው መንግሥት በጀት በቀጥታ ወደ መንደር አስተዳደሮች ይልካል። ችግሩ ዋኤ ሬቦ ለብቻዋ አስተዳደር አይደለችም፤ ሳታር ሌንዳ በሚባለው የመንደር አስተዳደር ውስጥ ናት፣ ብሩንም መኪና ከሚገባባቸው ታችኞቹ ሰፈሮች ጋር ነው የምትካፈለው፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሁሌም ይቀድማል።

ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው ይባላል፣ ለጥቂት ልጆች መምህር አይመደብም ይባላል። ይህን ክርክር እኛም አገር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ መምህር፣ አንድ ክፍል፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተቀላቅለው ቢማሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት በጣም ያነሰ ዋጋ ነው። ሩዙን፣ ሲሚንቶውንና የእንግዳውን ፍራሽ በጀርባው አውጥቶ ሦስት ቤት ከመሠረቱ የሠራ ሰው ለአንዲት መምህርት ማደሪያ መሥራት አያቅተውም፤ ይህን ራሳቸውም ነግረውኛል፣ ቦታውን እንኳ በእጃቸው ጠቁመው አሳይተውኛል። የጎደለው ደመወዟን የሚከፍል ነው።